ጭራቋ በማን ድምፅ ተጣራች

ልብስ ሰፊዋ ከደራሲው ጋር የተዋወቀችው ልትጣላው ፎቅ ወጥታ ነው።

የልብስ ስፌቱ ቤት ከሕንፃው ሥር፣ መንገድ ዳር ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስፈሪ የቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ስድስት ወጣቶች ተከራይተው ገቡ። በገቡ በሳምንቱ ጩኸት ተጀመረ። ደንበኛ ቆሞ እየተለካ፣ ከላይ አንጀት የሚበጥስ ዋይታ ይወርዳል። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ስትሞክር ደንግጣ ዘለለችና ጎኗን በሦስት ስፒል ተወጋች። የቤቱ ባለቤት ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። የዚያን ዕለት ፊቱ ደም መሰለ።

«አንቺ ሂጂና አናግሪያቸው። እኔ ከወጣሁ ነገር ይበላሻል» አላት።

እሷ ነገር የማታውቅ ሴት ነበረች። ቀኑን ሙሉ ማሽኗ ላይ አቀርቅራ፣ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ካልሆነ አፏ ሲከፈት አይታይም። ወጣችና በሩን አንኳኳች። አንድ ቀጭን ልጅ ከፈተላት፤ ጸጉሩ ከእንቅልፉ የተነሳ ይመስላል።

«ይቅርታ፣ እዚህ ቤት የሚታረደው ማነው?»

ልጁ ሳቀ። የጌሙን ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነበር። «ማንም። ችግራችንም እሱ ነው። አራት ወር ሙሉ ጮህን፤ የእውነት የፈራ ሰው የሚመስል አንድም አላገኘንም።»

ልትመልስለት ዞር ስትል፣ ከበሩ ጀርባ ፊት የሌላት፣ ክንዷ ወለል የሚነካ፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ ሴት ቆማ አየች። ለሥዕል መነሻ የሠሯት አሻንጉሊት ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ጮኸች። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን ዝምታ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

ደራሲው ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል መቅጃው ፊት የተቀመጠውን ድምፅ ቀጂ ጠየቀ፦ «ያዝከው?»

«ይዤዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎቁ ላይ ስሟ «ጩኸቴ» ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሼ ሜትር እያጉረመረመ ይፈቅድላታል፤ ወጥታ ለጭራቋ ድምፅ ትሰጣለች። ታቃስታለች፣ ታጓራለች፣ ትጣራለች። መቅጃው ክፍል በመስታወት የተከለለ ነበር። እሷ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ። መጀመሪያ ላይ ሲያያት እጁን አንሥቶ «አሁን» ይላታል። እየቆየ እጁን ማንሳት ይረሳ ጀመር፤ ዝም ብሎ ያያታል። ድምፅ ቀጂው ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሷ ጆሮ ማዳመጫውን ታስተካክላለች፤ ያልተዛባውን።

ታሪኩን በቁንጽል ነበር የምታውቀው። አንዲት ትንሽ ልጅ ውሃ የሞላው ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ፊት የሌላት ጭራቅ ከክፍል ክፍል ትፈልጋታለች። ተጫዋቹ ልጅቷን ሆኖ ይሸሻል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር ይደበቃል። ሌሎቹ «መጨረሻ ላይ ጭራቋ ካልሞተች ተጫዋች ይናደዳል» ሲሉት፣ ደራሲው ራሱን ይነቀንቃል። መጨረሻውን ግን ለማንም አይናገርም።

አንድ ጊዜ እናትና አባቱ ቤት ይዟት ሄደ። አባቱ በጡረታ ላይ ያሉ ዳኛ ናቸው። ሳሎኑ ከጋሼ ሜትር ቤት ይሰፋል። እናቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ጠየቋት፦

«ልብስ የምትሰፊው ለማን ነው?»

«ለመጣው ሁሉ።»

«እህ» አሉ።

ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያቺ «እህ» ግን እንደ ተሰበረ መርፌ ሆዷ ውስጥ ቀረች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ወደዋታል ወይስ ጠልተዋታል ብላ ስታወጣና ስታወርድ፣ የምትወርድበትን ፌርማታ አለፈችው።

*

የጭራቋ ዋና ንግግር የተቀዳው ጌሙ ሊያልቅ ሲል ነው። «ልጅቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃለች። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ‹አገኝሻለሁ!› ትያለሽ» አላት ደራሲው።

ሦስት ጊዜ አለችው። በአራተኛው ድምፅዋ ከዳት። በመስታወቱ አየችው፤ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆንሽ?»

ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው። ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አባትና እናቷ ይጣላሉ፤ ዕቃ ይሰበራል። እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ በኮቶች መሃል ጆሮዋን ይዛለች። ጭቅጭቁ ሲቆም የእናቷ እግር ከክፍል ክፍል ይሰማል።

«ምን ትል እንደነበር ታውቃለህ? እንዲህ ነው ያለችው፦ ‹ውጪልኝ ሚጡዬ። አልቆጣሽም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።›» የእናቷን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ፤ ለሰለሰ። «ሰማኋት። እዚያው አጠገቤ ነበረች። ፈራሁና አልወጣሁም። ብቻዋን ሄደች። አክስቴ አሳደገችኝ።»

ደራሲው ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። እጅጌውን ያጠበበችለት እሷ ነበረች።

«ለማንም አልነገርኩም» አለችው።

«እኔም ለማንም አልናገርም።»

የዚያን ቀን ደረጃውን ስትወርድ የሆነ ነገር ከትከሻዋ እንደ ወረደ ተሰማት። ለምን ራቁቷን የቀረች ያህል እንደ በረዳት ግን አልገባትም።

*

ከዚያ በኋላ ደራሲው ነገረ ሥራው ግራ ሆነ። ሱሪ ይዞ ይመጣል፤ «አሳጥሪልኝ» ይላል፤ አፉን ከፍቶ ይዘጋል፤ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሱሪ። እሷ ናፍቋት የሚመጣ መሰላት፤ በልቧ ሳቀች። ጋሼ ሜትር «ይህ ልጅ ቁመቱ እየጨመረ ነው ወይስ ልቡ እየቀነሰ?» አለ።

ጌሙ ለእንግዶች የሚታይበት ጠዋት ደረሰ። ሦስተኛ ፎቅ ወንበር ተደረደረ፤ ቤተሰብ ተጠራ። የደራሲው እናት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ኋላ፣ በሩ አጠገብ። አንዲት ልጅ ጆይስቲክ ይዛ በትልቁ ስክሪን መጫወት ጀመረች። ሰዉ በጩኸቱ እየዘለለ ይስቃል። ልብስ ሰፊዋም ኮራች፤ «እኔ ነኝ እኮ» ልትል ምንም አልቀራት።

የጌሙ ልጅ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ በስንጥቁ የጭራቋ እግር ብቻ ይታያል። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ።

«ውጪልኝ ሚጡዬ። አልቆጣሽም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

የራሷ ድምፅ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለእሱ ብቻ ያለችው፣ ከነትንፋሹ፣ ከነመሰበሩ። ተጫዋቿ አመነታች፤ ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች። የጭራቋ ፊት ቀስ እያለ ተሣለ፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ፈገግታ። ጭራቅ አልነበረችም። ልጅቷ ከፍርሃት ብዛት ፊቷን የረሳቻት፣ የምትወዳት ሰው ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ድምፅ ቀጂው እንኳ መነጽሩን አወለቀ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ቆመች። ደራሲው ዞሮ አያት። ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር፤ ማወቁ፣ ማፈሩ፣ መለመኑ። መጥራት ፈለገ፤ አልጠራትም።

ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ማሽኗ ላይ ተቀምጣ እንባዋ ጨርቅ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የተናደደች መሰላት። ከዚያ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት የጠፋባትን የእናቷን ድምፅ ከራሷ ጉሮሮ ስለ ሰማች የምታለቅስ መሰላት። የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት።

*

በማግሥቱ ከደራሲው ደብዳቤ መጣ። ሳትከፍተው ፖስታውን ማሽኑ ሥር አስገብታ ዙሪያውን በቀይ ክር ሰፋችው።

«ምን መሆንሽ ነው?» አለ ጋሼ ሜትር።

«እጄ እንዳይከፍተው።»

«ታዲያ ጣይው።»

«እሱንም እጄ እምቢ አለ።»

ሁለተኛው መጣ፤ ሰፋችው። ሦስተኛውም። መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

በአምስተኛው ቀን የደራሲው እናት ጃኬት ይዘው ገቡ። ልብስ ሰፊዋ እጇ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ። ልኮባት ነው አለች በልቧ፤ ይቅር እንድትለው እናቱን ልኮባት ነው።

«ጎኑ ጠቦኛል» አሉ ወይዘሮዋ።

«እጅዎን ያንሡልኝ።»

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆሙ። ደረታቸውን ስትለካ ልባቸው ሲመታ በሜትሩ ላይ ተሰማት።

«ልጄን ተዪው ልልሽ ነበር የመጣሁት» አሉ ድንገት።

«እሺ። ይበሉኝ።»

«ጠፋኝ» አሉ። «መንገድ ሙሉ ስለማመደው ነበር። ጠፋኝ።»

እጃቸውን አላወረዱም።

«ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀው ልጅ እሱ ነው» አሉ። «አላወቅሽም አይደል? ያሳደገችው ሞግዚት ነበረች። እሷን እማዬ ሲላት አልቻልኩም። አሰናበትኳት። ልብሷን ቋጥራ ‹ደህና ሁን ልበለውና ልሂድ› ብላ ቤቱን ሁሉ ዞረች። እንዳያለቅስ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አፉን በእጄ ይዤ። ስትጣራ ሰማናት፤ እኔም እሱም። የረሳው ይመስለኝ ነበር። ለካ አልረሳም።»

«ለምን ነገሩኝ?»

«እኔ እንጃ። ያንቺን ድምፅ ስሰማ ያቺ ሴት በሩ ላይ የቆመች መሰለኝ። አሁን ደግሞ ከማን ልደብቀው እንደመጣሁ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ እኚህን ሴት ልትጠላቸው ብዙ ቀን ተዘጋጅታ ነበር። ጥላቻዋን ስትፈልገው ካስቀመጠችበት አጣችው።

«ክንድዎን ያውርዱ፤ ይደክምዎታል» አለቻቸው በቀስታ።

ወይዘሮዋ ጃኬታቸውን ትተው፣ መቼ እንደሚደርስ እንኳ ሳይጠይቁ ሄዱ። እሷም አልጠራቻቸውም። ሁለቱም ምን እንደተደረገ የገባቸው አይመስልም ነበር።

ከዚያ መሳቢያውን ከፈተች። መተርተሪያ አንሥታ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስፌት ፈታች።

«ጩኸቴ፤ በዚህ ስም የመጥራት መብቴን ያጣሁ ይመስለኛል፤ ሌላ ስም ግን አልለመድኩልሽም። ያን ቀን መቅጃው ክፍት እንደነበረ ያወቅኩት በማግሥቱ ነው። ድምፅሽን ላጠፋው ተቀመጥኩ። አንዴ ልስማው አልኩ፤ ደገምኩት። እኔም ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረሁ ልጅ ነኝ፤ ማንም እንዳያውቀኝ ነው በጌሙ ሴት ልጅ ያደረግኩት። ጭራቋ ልጅቷን ምን ብላ ልታስወጣት እንደምትችል ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፌ ጽፌ አልሆነልኝም። አንቺ ቃሉን አውቀሽው ነበር። ፈቃድሽን ልጠይቅ ሰባት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ሱሪ ላሳጥር መጣሁ አልኩሽ። አሁን ያሉኝ ሱሪዎች በሙሉ ቁርጭምጭሚቴን ያሳያሉ። ለማንም አልናገርም ብዬሽ ነበር፤ ለሰው ሁሉ አሰማሁት።»

ሳቋ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ተናደደች። ንዴቱ ሳይበርድ ናፈቃት።

*

በነጋታው፣ ከምሳ በፊት፣ ደራሲው ላፕቶፕና ጆይስቲክ ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ቁርጭምጭሚቱ ይታያል።

«ሱሪ ነው?» አለ ጋሼ ሜትር።

«አይደለም ጋሼ።»

«ተመስገን። የሚቆረጥ አልቀረም ነበር።» ይህን ብሎ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ወደ ውጭ ወጣ፤ ለምን እንደወጣ ግልጽ ነበር።

ደራሲው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፈተ። «ሰኞ ለሕዝብ ይወጣል። ድምፅሽን አውጥቼዋለሁ። ከሁሉም ኮምፒውተር አጥፍቼዋለሁ። ይህን ልነግርሽ ነው።»

«እና ጭራቋ ምን ትላለች?»

«ምንም። ዝም ትላለች።»

«ሰርቀኸኛል።»

«አዎ።»

«አታስተባብልም?»

«ምን ብዬ?»

መልሱ ንዴቷን መሄጃ አሳጣው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ልጫወተው» አለች። ጌሙን በእጇ ነክታው አታውቅም ነበር።

ልጅቷን እየነዳች በውሃው መሃል አለፈች፤ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ቁም ሳጥኑ ጋ ደረሰች። ገባች። የጭራቋ እግር በስንጥቁ ታየ። ቆመ። ምንም ድምፅ የለም። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፤ አልተጫነውም። እግሩ ሄደ። ጌሙ ወደ መጀመሪያው መለሳት። እንደገና ሞከረች። ሦስት ጊዜ።

«ለምን አትወጪም?» አላት።

«በምን አውቄ ልውጣ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ዝም ብላ የቆመች ነገር ትግደለኝ ታድነኝ በምን አውቄ? የኔዋ እኮ ዝም አላለችም! ጠርታኛለች! አልቆጣሽም ብላኛለች! ሰምቼ ነው ያልወጣሁት!»

«ሰባት ዓመትሽ ነበር።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?» ጆይስቲኩን አስቀመጠችው። «ያልነገርኩህ አለ። እናቴ ተመልሳ መጥታ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በመስኮት አየኋት፤ በር ላይ ቆማለች። አክስቴን ‹የለችም በያት› አልኳት። በዓመቱ ደግሞ መጣች። ደግሜ የለችም አስባልኩ። ያኔ ሰባት ዓመቴ አልነበረም።»

እንባዋ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በጠመኔ የተሠመረውን መስመር አጠፋው። ደራሲው ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«መቅጃው ክፍት አይደለም» አላት በሹክሹክታ።

ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ከሁለቱም አፍ አብሮ ወጣ።

«ጭራቋን እንዴት እንደጻፍኳት ታውቂያለሽ?» አለ። «ተጫዋቹ መቶ ጊዜ ቢደበቅ መቶ ጊዜ ትመጣለች። አትሰለችም። ‹ጨዋታው አልቋል› የሚል ጽሑፍ ጌሙ ውስጥ የለም። ብዙዎች ስህተት ነው ብለውኛል። እኔ ሌላ መጨረሻ መጻፍ አልችልም። የኔዋ፣ ያሳደገችኝ፣ ሞታለች፤ ፈልጌያት ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ቢያንስ ጌሙ ውስጥ የሚዘገይ ሰው አይኑር ብዬ ነው።»

አየችው። ሌባዋ፣ ወዳጇ፣ ሱሪው ያጠረ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ልጅ። አንዱን ብቻ መርጣ ልታየው ሞከረች፤ ሦስቱም አንድ ላይ ቆሙባት።

«ተነሥ» አለችው። «ወደ ላይ እንውጣ።»

መቅጃው ክፍል ገባች። ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። ድምፅ ቀጂው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ልክፈት?» አላት።

«ቆይ።» ተነፈሰች። «አሁን ክፈት። እኔ ነኝ ያልኩህ።»

የእናቷን ድምፅ ልታመጣ ፈለገች፤ አልመጣም። የጭራቋንም ተወችው። የወጣው የራሷ ነበር፤ ሻካራ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ድምፅ፣ ኮቶች መሃል ጆሮዋን ይዛ የተቀመጠችን አንዲት ልጅ የሚጠራ። ስትጨርስ ቀና አለች። ደራሲው ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። በመስታወቱ ላይ የትንፋሹ ላቦት ፊቱን ሸፈነው፤ እሷም ላቦቱ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችው።

ደረጃው ላይ ጠየቃት፦ «ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?»

«አላውቅም። አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ ልመታህ ያምረኛል። እናቴ ያለችበትን ከተማ አክስቴ ነግራኛለች። በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ቅዳሜ አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«ምን ልትያት ነው?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ! ዛሬ የማውቀው ነገር የለም።»

ቅዳሜ ሄዱ። መንገድ ሙሉ ብዙ አላወሩም። አንዴ ብቻ፣ «እናትህስ?» ስትለው፣ «ጃኬቴን ሄጄ ብወስደው ምን ትለኛለች ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ግራ ገባኝ» አላት። እጁን ያዘችው፤ ይቅር ብላው ይሁን ፈርታ፣ አላጣራችም።

ቤቱ አረንጓዴ በር ነበረው። ደራሲው ከመንገዱ ማዶ ቀረ፤ «እዚህ ቅር» ያለችው እሷ ናት። አንኳኳች። ከውስጥ የሴት ድምፅ «ማነው?» አለ። ስሟን መናገር ነበረባት። እግሯ ሩጪ፣ ሩጪ ይላታል። የምትጠላት ይሁን የምትናፍቃት፣ ልትወቅሳት ይሁን ይቅርታ ልትጠይቃት የመጣችው፣ አንዱም አልለየላትም።

«ማነው?» አለ ድምፁ ደግሞ፤ ቀረበ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ወጥቻለሁ።»

ከውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ፤ የሚሮጥ እግር ተሰማ፤ መቀርቀሪያው በጥድፊያ እየተፈለገ መንኳኳት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳይገባት፣ ከበሩ ፊት ንቅንቅ ሳትል ቆመች።